ሽንት ቤቱ ሳያልቅ ቤት አይገባም፦ የመታጠቢያ ክፍል ዋጋ ለምን እንዲህ ናረ?

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ሳሎኑ አይደለም። ሳሎኑ ሲሚንቶ ቢሆን ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ኪችኑ ባዶ ቢሆን ቡታጋዝ መሬት ላይ ተቀምጦ ወጥ ይሠራበታል። ቀለም ያልተቀባ ግድግዳም ሰው ከመኖር አይከለክልም። ሽንት ቤትና መታጠቢያው ካልሠራ ግን ቤተሰብ ይዞ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ካሬ የማትሞላው ክፍል እስክታልቅ ድረስ አንድ ቤተሰብ በአንድ በኩል የባንክ ዕዳ፣ በሌላ በኩል የቤት ኪራይ እየከፈለ ይቆያል።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ መታጠቢያ ቤት ወጪ ለመጻፍ የወደድነው። ብዙዎቻችሁ «ያምናው ዋጋ ዘንድሮ እጥፍ ሆነብን፤ ነጋዴው ነው ወይስ ዶላሩ?» ትላላችሁ። መልሱ ሁለቱም አይደለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ብዙ የማይወራለት ሦስተኛ ነገር አለ።

ከዶላሩ እንጀምር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ በዚያው ዕለት 74 ብር ገባ፤ ቀስ በቀስ 100ን አለፈ፤ ዘንድሮ በ2018 ደግሞ 150 ብር አካባቢ ደርሷል። በወቅቱ ከመንግሥት ወገን ይነገር የነበረው መከራከሪያ «ነጋዴው ዱሮም ዕቃውን የሚያመጣው በጥቁር ገበያ ዶላር ስለሆነ ዋጋው ላይ ጭማሪው ቀድሞ ገብቷል፤ ስለዚህ አዲስ የዋጋ ንረት አይመጣም» የሚል ነበር። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። በጥቁር ገበያው ዶላር ያኔም ከ110 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። የሽንት ቤት መቀመጫም፣ ሚክሰርም፣ የሻወር ዕቃም በዚያ ሒሳብ ነበር የሚሸጠው።

የቀረው ግማሽ ጉምሩክ ላይ ነው። ጉምሩክ ቀረጥ ሲያሰላ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚቀይረው በባንክ ምንዛሪ ነው እንጂ በጥቁር ገበያ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ዶላሩን በ115 ቢገዛም ግብሩን የሚከፍለው በ57 ሒሳብ ነበር። ምንዛሪው ሲለቀቅ ይህ ልዩነት ጠፋ። ለስሌት እንዲመቸን 100 ዶላር የሚያወጣ አንድ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ እንውሰድና ቀረጡን 30 በመቶ ብለን እንያዝ። በቀረጡ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ በሁለቱ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጫናል፤ ከዚያ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ አለ። አንዱ በሌላው ላይ እየተቆለለ ሲሄድ በ100 ብር ዕቃ ላይ ወደ 67 ብር ከግማሽ ግብር ይሆናል። ኤክሳይስ የሚባለውን አልጨመርንም፤ የነጋዴ ትርፍም፣ ትራንስፖርትም አልገባም።

አሁን በብር እንመንዝረው። ያኔ ነጋዴው ለ100 ዶላሩ በ115 ሒሳብ 11,500 ብር ያወጣል፤ ግብሩ ግን በ57 ብር ከ48 ሳንቲም ስለሚሰላ 3,877 ብር ነው፤ ድምሩ 15,377 ብር። ዛሬ በ150 ሒሳብ ዕቃው 15,000 ብር ነው፤ ግብሩ ደግሞ 10,117 ብር፤ ድምሩ 25,117 ብር። ልብ በሉ፤ ዶላሩ ራሱ ያስከተለው ጭማሪ 3,500 ብር ነው። የግብሩ ጭማሪ 6,240 ብር። ከጠቅላላው ጭማሪ ወደ ሁለት ሦስተኛው የመጣው ከግብር ነው ማለት ነው። የግብሩ መቶኛ አንድም አልተነካም እኮ! የሚሰላበት መሠረት ብቻ ነው ያደገው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ወይም ለራሳችሁ ቤት ብር የምትልኩም ይህ ስሌት ይመለከታችኋል። «ዶላር ጨምሯል፤ አሁን ቤት መጨረስ ይረክሳል» የሚሉ አሉ። በባንክ ይልኩ ለነበሩት እውነት ነው፤ ያኔ ያንን ዕቃ ለመግዛት ወደ 267 ዶላር ያስፈልጋቸው ነበር፤ አሁን 167 ይበቃል። በሐዋላ ይልኩ ለነበሩት ግን ተቃራኒው ነው፤ ያኔ በ134 ዶላር ይሸፈን የነበረው ዛሬ 167 ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አቋማችንን ብንናገር አይከፋም። መንግሥት ገቢ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን፤ ምንዛሪው በተለቀቀበት ሳምንት ከአይኤምኤፍ ጋር የተፈረመው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም የግብር ገቢን ማሳደግ ይጠይቃል። ነገር ግን የሽንት ቤት መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል የሚያስገባው የገንዳ ጃኩዚና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለኮንዶሚኒየሙ የሚገዛው ተራ መቀመጫ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ቢያንስ ሱር ታክሱን ከመሠረታዊ የንጽሕና ዕቃዎች ላይ ማንሳት ይቻላል። ከባድ ጥናት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

«አገር ውስጥ አይመረትም ወይ?» ካላችሁ፣ ይመረታል። የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክስ በዚህ ሥራ የቆየ ስም ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ፋብሪካዎች መጥተዋል። የግድግዳና የወለል ሴራሚክ ላይ የአገር ውስጡን መምረጥ ብዙ ያዋጣል። ሚክሰሩ፣ ቫልቩ፣ የፍላሽ ታንከሩ የውስጥ ዕቃ፣ የቦይለሩ አካላት ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ቶሎ የሚበላሹትም እነሱ ናቸው።

ሲሚንቶን በተመለከተ ብዙ አንቆይም። የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ሲመረቅ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ ነው የመጣው፤ እንደ ቀድሞው ለአንድ ኩንታል መሰለፍ ቀርቷል። ለአንድ መታጠቢያ ቤትም ከ2 እስከ 3 ኩንታል ቢያስፈልግ ነው። የበጀታችሁ ጠላት ሲሚንቶ አይደለም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። አንድ ሜትር ከሃምሳ በሁለት ሜትር የሆነች የተለመደች የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ወለሉ 3 ካሬ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን 7 ሜትር ነው፤ ሴራሚኩ 2 ሜትር ከ10 ድረስ ይውጣ ቢባልና በሩ ቢቀነስ 13 ካሬ ገደማ ይሆናል። ለመቆራረጫና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመርበት 18 ካሬ ሴራሚክ ትገዛላችሁ። ሱቅ ሄዳችሁ «ትንሽ ክፍል ናት» ስትሉ ባለሱቁ ፈገግ የሚለው ለዚህ ነው፤ ወለሏ ትንሽ ናት፣ ግድግዳዋ ግን ከአንድ መኝታ ቤት ወለል ይበልጣል። በካሬ የ500 ብር ልዩነት ያለው ሴራሚክ ስትመርጡ ሒሳባችሁ ላይ የሚመጣው ለውጥ 9,000 ብር ነው።

ቁጠባ ካስፈለገ እዚህ ጋ ነው መቆጠብ ያለባችሁ። ውሃ በቀጥታ የሚረጨው የሻወሩ ማዕዘን ላይ ነው። እዚያ ላይ ሙሉውን አውጡት፤ በተቀረው ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ለጥፋችሁ ከላይ ውሃ የሚችል ቀለም ቀቡት። ከ3 ካሬ በላይ ይተርፋችኋል፤ የሠራተኛው የእጅ ዋጋም በካሬ ስለሆነ አብሮ ይቀንሳል። ቤቱ አያምርም? ያምራል። ጣሪያ ድረስ ሴራሚክ መለጠፍ ፋሽን እንጂ ግዴታ አይደለም።

መቆጠብ የሌለባችሁ ደግሞ የማይታየው ላይ ነው። ችግሩ ግን ሁላችንም ተቃራኒውን እናደርጋለን። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እንግዳ የማያየው ነገር ነው፤ የወለሉ ውሃ መከላከያ ቅብ፣ የቧንቧው ጥራት፣ የፍሳሹ ተዳፋት። ሚክሰሩ ያብረቀርቃል፣ ሴራሚኩ ያምራል፤ ከስር ግን ምንም የለም። ከስድስት ወር በኋላ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል፤ «እባካችሁ ጣሪያዬ እያንጠባጠበ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ያ ሁሉ ሴራሚክ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ሴራሚክ ተመልሶ አይለጠፍም። የጎረቤትም ጣሪያና ቀለም አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ የሚተያይ ሰው ተኳርፎ መኖር አለ። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራውንና የግሉን ለይቶ ማኅበር እንዲቋቋም ቢያዝም፣ በተግባር ብዙውን ጉዳይ የሚፈታው የብሎኩ ሽማግሌ ነው።

ስለዚህ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። የመጀመሪያው ቧንቧው ነው። ፒፒአር ቧንቧ የሚያያዘው በሙቀት በማቅለጥ ነው፤ ማሽኑ በደንብ ሳይሞቅ የተያያዘ መገጣጠሚያ ዛሬ አያፈስም፣ ከዓመት በኋላ ያፈሳል። ሠራተኛው መስመሩን ዘግቶ በፓምፕ ግፊት ሞልቶ ይፈትሽላችሁ፤ መሣሪያው ከሌለው ቢያንስ ውሃ ሞልቶ አንድ ቀን ይደር። ሁለተኛው የውሃ መከላከያ ቅቡ ነው። ወለሉ ላይ ብቻ ተቀብቶ መቅረት የለበትም፤ ግድግዳው ላይ 20 እና 30 ሳንቲሜትር መውጣት፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። ሲደርቅ መውረጃውን ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ውሃ አቁሙና 24 ሰዓት ተዉት፤ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያውን እንዲያይላችሁ ለምኑት። ሦስተኛው ተዳፋቱ ነው። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ውሃ አፍስሳችሁ እዩት፤ የቆመ ውሃ ካለ አሁኑኑ ይስተካከል።

ሌላው ኪስ የሚያራቁተው ሐሳብ መቀመጫውን ከቦታው ማንቀሳቀስ ነው። «እዚያ ማዕዘን ቢሆን ያምር ነበር» ይባላል። የእጅ መታጠቢያ በ50 ሚሊ ፒቪሲ ስለሚወርድ ማዞሩ ቀላል ነው። የሽንት ቤቱ ግን 110 ሚሊ ነው፤ ለእሱ ተዳፋት ለመስጠት ወይ ወለሉን ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ ወይ ሶሌታውን መንካት፤ ሶሌታ መንካት ደግሞ የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም። መቀመጫው ባለበት ይቀመጥ።

ማንም በበጀት የማይጽፈው ወጪም አለ፤ ሸክም። ከላይ ያልነው 18 ካሬ ሴራሚክ ብቻውን ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል። የሚለጠፍበት አሸዋና ሲሚንቶ ደግሞ 800 ኪሎ ገደማ ነው። ከአንድ ቶን በላይ ዕቃ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ይወጣል ማለት ነው። የጫኝና አውራጅ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም፤ ዕቃው ሰፈር ሲደርስ ማኅበሩ ይመጣል፣ ዋጋው በፎቅ ይቆጠራል፣ ባለቤቱ ራሴ ላውርድ ቢል ጭቅጭቅ ይነሳል። ወጣቶቹ ሥራ ማግኘታቸው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ተለጥፎ የማይታይ፣ በድርድርና በጉልበት የሚወሰን ሲሆን ሥራ መሆኑ ይቀራል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ተስማሙ፤ መኪናው ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ የባለቤቱ ኪሳራ ነው። አሮጌ መታጠቢያ ቤት የምታድሱ ከሆነ ደግሞ ፍርስራሹም ወርዶ የሚጣልበት ቦታ ይፈልጋል።

ወደ እጅ ዋጋ ስንመጣ፣ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ አንፈልግም። እሱም ጤፍ ይገዛል፣ ቤት ይከራያል። የሴራሚክ ሠራተኛ በካሬ፣ የሳኒተሪ ሠራተኛ በፖይንት ይዋዋላል፤ ጠቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ሳይሆን ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ባለመነገሩ ነው። ግድግዳ መፈልፈሉ በማን ነው? መልሶ መለሰኑስ? የተሰበረው ሴራሚክ በማን ሒሳብ? መቀመጫው ሲገጠም አንድ ፖይንት ነው ወይስ ሁለት? ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፉና ተፈራረሙ። ክፍያውን በሦስት ከፍላችሁ ያዙ፤ የመጨረሻው ከውሃ ፍተሻው በኋላ ይሁን። «ቅድሚያ ግማሹን ካልሰጣችሁኝ» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙና ለእጁ ብቻ በሥራው ልክ ክፈሉ።

መርካቶና ተክለሃይማኖት ዞራችሁ ስትገዙ የምትሰሙት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኙ ይረክሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቶኑ ሲከፈት የተሰነጠቀ መቀመጫ ብታገኙ፣ ወይም ቦይለሩ በሁለተኛው ወር ቢቃጠል፣ በእጃችሁ ምንም የላችሁም። ሴራሚክና ቧንቧ ላይ ፈተናው ቢያሸንፋችሁም እንኳ ኤሌክትሪክ ያለበት ዕቃ ላይ ደረሰኙን ያዙ። ሴራሚክ ላይ ደግሞ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም በትንሹ ይለያያል፣ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ያስታውቃል።

ቤቱ አለቀ እንበል። ወጪው አላለቀም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር መታጠቢያ ቤት ያለ ሮቶ ጌጥ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢለቅ፣ ባለ 9 ሊትሩ ታንከር በቀን 225 ሊትር ይጨርሳል፤ ባለ 6ቱ 150። የ1,000 ሊትር ሮቶ በመጀመሪያው ከአራት ቀን፣ በሁለተኛው ከስድስት ቀን በላይ ይቆያል፤ ገላም ልብስም ሳይታጠብ ማለት ነው። ስለዚህ መቀመጫ ስትመርጡ ከቅርጹ በፊት ሊትሩን ጠይቁ። የሞላ የ1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን መሆኑንም አትርሱ፤ በረንዳ ላይ ከማስቀመጥ በፊት የሚያውቅ ሰው ይመልከተው። ቦይለሩም ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ይበላል፤ የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እያደገ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ከመተው ሊታጠቡ ሲሉ ማብራቱ ይሻላል።

አንድ የምንጠይቀው ነገር ይቀረናል፤ ለከተማ አስተዳደሩ። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ማጠናቀቂያቸው ሳይሠራ የሚተላለፉት ለምንድን ነው ሲባል «ሰው በራሱ ምርጫ አፍርሶ ስለሚሠራው ሀብት ይባክናል» የሚል መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። ሴራሚክና ሚክሰር ላይ ከሆነ ልክ ነው፤ ሰው ቀለም አይወድም፣ ያፈርሳል። ግን የውሃ መከላከያ ቅብ ቀለሙ አልወደድኩትም ብሎ የሚፍቅ ሰው አለ? የተፈተሸ የቧንቧ መስመርን ፋሽኑ አልፎበታል ብሎ የሚነቅል አለ? አንድ ብሎክ ላይ ላሉት ቤቶች በሙሉ የውሃ መከላከያውንና መስመሩን በአንድ ጨረታ ማሠራት፣ እያንዳንዱ ባለዕድል በየፊናው ከሚያሠራው በእጅጉ ይረክሳል፤ ተጠያቂውም አንድ ኮንትራክተር ይሆናል። የሚታየውን ለባለቤቱ ተዉለት፤ የማይታየውን ሠርታችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ፈርማችሁ አስረክቡ።

እስከዚያው ግን ባለዕድሎች ራሳችሁ የምትችሉት አለ። በአንድ ደረጃ ላይ ያላችሁ ስምንት ወይም አሥር አባወራዎች በአንድ ሳምንት ተነጋግራችሁ ብትገዙ፣ ሴራሚኩንም ቧንቧውንም በጅምላ ዋጋ ታገኛላችሁ፣ አንድ መኪና ይበቃችኋል፣ ከጫኝና አውራጁም ጋር የምትደራደሩት አንድ ጊዜ ነው። ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አሠሩ፤ የላይኛው ቤት ወለል ተፈትሾ ካለፈ በኋላ የታችኛው ጣሪያ ቀለም ይቀባ። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊትም ሜትር አጠገቡ ዘርግታችሁ የእያንዳንዱን ግድግዳ ቧንቧ ፎቶ አንሱና በስልካችሁ አስቀምጡ፤ ነገ መስታወት ለመስቀል ግድግዳው ሲበሳ መስመሩ የት ጋ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።